በመቋሚያ የተለካው በረንዳ

ይህን ነገር እስካሁን ለአንድም ሰው ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኋትም። ለነፍስ አባቴ ስናዘዝም ያልሠራሁትን ኃጢአት ሳይቀር እየጨመርሁ ይህችን ብቻ እዘልላታለሁ። እሳቸው የዋህ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ሌላስ የቀረ አለ?» ይሉኛል። «የለም አባ» እላቸዋለሁ። የቀረው ይኸው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትሉኝ ይሆናል፤ እውነታችሁን ነው። የሚያስፈራው ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው አፌን የከፈትሁት።

ዘመኑ የደርግ ነበር። እኔ ባሕር ዳር በአንድ የሕንፃ ሥራ መሥሪያ ቤት ፕላን ነዳፊ ነበርሁ። የማክሰኝት ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ ከአባቴ የወረስሁት ገበያተኛን አስቆ የሚያስቆም አፍ ነው። ስብሰባ ረዝሞ ሰው ማዛጋት ሲጀምር የሁሉም ዓይን ወደ እኔ ይዞራል፤ እኔም አላሳፍራቸውም። ሰው ሲስቅልኝ ደስ ይለኛል። ይህን ጠባዬን አስቀድሜ የምነግራችሁ እንድትወዱኝ አይደለም፤ ጥፋቴ የበቀለው ከዚያው ስለሆነ ነው።

ከጎኔ የሚቀመጠው ዳኛቸው ዝምተኛ ነበር። አባቱ ከጣና ደሴቶች በአንዱ የሚያገለግሉ መሪጌታ ናቸው። እሱም ዳዊት ከደገመ በኋላ ዜማ ጀምሮ፣ ሳይጨርስ ወደ ዘመናዊ ትምህርት የዞረ ነው። እኛ ሌሎቻችን ቤት ስንነድፍ ከክፍሎቹ እንጀምርና በመጨረሻ የተረፈችውን ቦታ «ኮሪደር» ብለን እንሰይማታለን። ዳኛቸው የሚጀምረው ሰው ከሚሄድበት ነው። ባዶ ወረቀት ላይ መጀመሪያ የሚያሰምረው መንገድ ነው፤ ማን ከየት መጥቶ ማንን እንደሚያገኝ፣ ማን ከማን መሸሽ እንደሚፈልግ ሳይቀር ያስባል። ክፍሎቹን ኋላ ነው የሚሰካቸው። «ዳኛቸው፣ ቤት ነው ወይስ የገበያ መንገድ የምትነድፈው?» እለው ነበር። ይስቅና እርሳሱን መቅረጹን ይቀጥላል። እንዴት አድርጌ እንደማደንቀው አንድም ቀን አልነገርሁትም። አድናቆት ሲታፈን ቅናት እንደሚሆን ያን ጊዜ አላውቅም ነበር፤ ወይም አውቄ እንዳላወቀ ሆኛለሁ።

አንድ ዓመት ለዳኛቸው ትልቅ ሥራ ተሰጠው፤ ከየአገሩ መጥተው በፋብሪካ ለሚሠሩ ወጣቶች መኖሪያ እንዲነድፍ። ወጣቶቹ ብዙ ናቸው፣ ቦታው ጠባብ ነው፣ ሲሚንቶውም በልክ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ተደራራቢ አልጋዎች ከገቡ በኋላ እግር መዘርጊያ አይተርፍም። እንዲህ ያለ ቤት ከዚያ በፊት እኔ ራሴ ነድፌ ነበር። በመሐሉ ጨለማ ኮሪደር የሚያልፍበት፣ ግራና ቀኙ በር ብቻ የሆነ ቤት ነው። የሚኖሩበት ልጆች በባልዲ ይገፋፋሉ፣ በብስክሌት ይጋጫሉ፣ ሳይጣሉ የሚያልፍ ሳምንት አልነበረም። እኔም የልጆቹን ባለጌነት ለሰማ ሁሉ አማርር ነበር።

ዳኛቸው ወደዚያ ቤቴ ሄዶ ደጁ ላይ ቆሞ ሲያይ ዋለ። ተመልሶም «ልጆቹ ምንም አላጠፉ። የሚያጣላቸው መተላለፊያው ነው» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ያየውን ነው የተናገረው። እኔ ግን ያችን ቃል ቋጥሬ አስቀመጥኋት።

በዚያው ሰሞን የአባቱ ደብር በዓል ነበርና በታንኳ ይዞኝ ተሻገረ። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ መሐሉ መቅደስ፣ ዙሪያው ቅድስት፣ ከዚያ ውጭ ደግሞ ካህናቱ የሚዘምሩበት ቅኔ ማህሌት ሁሉንም ከቦ ይዞራል። ሕዝቡ ጢም ብሏል። ዳኛቸው በክርኑ ነካ አድርጎኝ «ዜማውን ተወውና እግራቸውን እይ» አለኝ። አየሁ። ካህናቱ መቋሚያቸውን ይዘው ወዲያና ወዲህ ሲያሸበሽቡ በኋላቸው እናቶች ልጅ አዝለው ያልፋሉ፣ የዘገየ ይገባል፣ የደከመው ግድግዳ ተደግፎ ያርፋል። ያን ያህል ሰው በዚያች ቦታ ላይ ማንም ማንንም አይጋፋም። መንገዱ ዙሪያ ነውና አንዱ ወገን ሲጨናነቅ ሰው በሌላው ዞሮ ይደርሳል። ስንት ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ስሜ ኖሬ ይህን አይቼው አላውቅም ነበር።

ሕዝቡ ሲበተን ዳኛቸው የአባቱን መቋሚያ ተቀብሎ በቅኔ ማህሌቱ ወለል ላይ በወርዱ አጋደመውና በጎኑ እንዳልፍ ጠየቀኝ። ሳልነካው አለፍሁ። «በቃ፣ የበረንዳችን ወርድ ይኸው ነው። መቋሚያ ተጋድሞ ሰው በጎኑ ሲያልፍ» አለ። መሪጌታ ከበሩ ሆነው ያዩን ኖሯል።

«ይኸ ልጅ መቋሚያዬን ሜትር አደረገብኝ እኮ» አሉኝ። «ለማህሌት ልቆም ስል ከእጄ አጣዋለሁ። እናንተ መንግሥት ቤት ሜትር የላችሁም?»

«አለን የኔታ። የእኛ ሜትር ግን ዜማ አያውቅም» አልኋቸው። መሪጌታ ከልባቸው ሳቁ፤ እኔም እሳቸውን ማሳቄ አኮራኝ።

ስንመለስ ዳኛቸው ታንኳው ላይ ከወትሮው ብዙ ተናገረ። «ክፍሉን ላሰፋላቸው አልችልም፤ ሲሚንቶ የለኝም። ከክፍሉ ሲወጡ ግን ሰፊ ቦታ ልሰጣቸው እችላለሁ። ወጣት ልጅ አልጋው ቤቱ አይደለም። ቤቱ ከጓደኛው ጋር የሚቆምበት ቦታ ነው» አለኝ። ይህን ንግግሩን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ከእኔ አፍ ትሰሙታላችሁ።

ፕላኑን ሲጨርስ አየሁት። ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው፤ መሐሉ ግቢ፣ በግቢው ዙሪያ ታችም ላይም ሰፊ በረንዳ። በሮቹ ሁሉ ወደ በረንዳው ይከፈታሉ። በረንዳው የትም አይቋረጥም፤ ከየትኛውም ክፍል ወደየትኛውም ክፍል በሁለት ወገን መሄድ ይቻላል። ደረጃው እግሩ ሥር ሰፋ ይላል፤ ሁለት ሰው ቆሞ ቢያወራ ሦስተኛው እንዲያልፍ። እንዲህ ያለ ፕላን በሕይወቴ አልነደፍሁም፤ እንደማልነድፍም ያን ቀን አወቅሁ። ማወቄ አንገበገበኝ።

ፕላኑ በገምጋሚ ኮሚቴ ፊት የሚቀርብበት ቀን ሲደርስ መሪጌታ ጉልበታቸውን ክፉኛ ታመሙና ዳኛቸው ወንዛዬ ፍል ውኃ ይዟቸው ሄደ። ከመሄዱ በፊት ጠረጴዛዬ ድረስ መጥቶ «አንተ ከእኔ የተሻለ ትናገራለህ። አቅርብልኝ፤ በረንዳውን እንዳያጠቡብኝ አደራ» አለኝ። አደራ ነው ያለኝ። እኔም «አታስብ» አልሁት።

ፕላኑን ግድግዳው ላይ ሰቀልሁ። ሊቀመንበሩ ትኩር ብለው አይተው «ይህ በረንዳ ምነው ሰፋ? የጭነት መኪና ይሄድበታል እንዴ?» አሉ። ሰው ሳቀ። መልሱ ሁሉ አፌ ውስጥ ነበር፤ ዳኛቸው ታንኳ ላይ ያለኝን ብደግመው ይበቃ ነበር። የሰው ሳቅ ግን ለሊቀመንበሩ ሆነ፣ ለእኔ አልሆነም። ከዚያ የበለጠ ማሳቅ አማረኝ።

«ለመኪና አይደለም ጓድ ሊቀመንበር፣ ለደብተራ ነው» አልሁ። «ቅኔ ማህሌት ነው። ወርዱም በመቋሚያ ነው የተለካው።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉም የበለጠ የሳቁት ሊቀመንበሩ ነበሩ። ያልሳቀ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ በጠረጴዛው ጫፍ የሚቀመጠው ካድሬ። በዚያ ዘመን በመንግሥት ሥራ ላይ የቤተ ክርስቲያን ነገር ማስገባት «አድኃሪ» ያሰኛል፤ አድኃሪ የተባለ ሰው ደግሞ የሚያጣው ሥራውን ብቻ ላይሆን ይችላል። ይህን ከመካከላችን የማያውቅ አልነበረም።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ዛሬ «ወለምታ ነው» ብዬ አለቅስላችሁ ነበር። አልቆመም። ካድሬው ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀና ረጋ ብሎ «ጓድ፣ ቀልድህን ነው ወይስ እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በሩን ከፍቶ ሰጠኝ። «ቀልዴን ነው» ማለት ይበቃኝ ነበር። ሰው እንደገና ይስቃል፣ ፕላኑ ያልፋል፣ ዳኛቸው ከአባቱ ጋር በደኅና ይመለሳል።

«እውነት ነው» አልሁ። «አብሬው ሄጄ አይቻለሁ። አባቱ መሪጌታ ናቸው።»

አባቱን ማን ጠየቀኝ? አብሬው መሄዴንስ ማን ጠየቀኝ? ፈርቼ ነው እንዳልል ያን ሰዓት ማንም አላስፈራራኝም። መጀመሪያ የተናገርሁት ለሳቅ ነው፤ ሁለተኛውን የተናገርሁት አውቄ ነው። እኔ ነኝ የተናገርሁት። አፌ አይደለም፣ ዘመኑ አይደለም፣ ካድሬውም አይደለም። የሚያጣላቸው መተላለፊያው ነው ያለኝን ሰው፣ ያ ቃሉ እውነት ስለነበረ ተበቀልሁት።

ዳኛቸው ከወንዛዬ ሲመለስ ጠረጴዛው ባዶ ሆኖ ጠበቀው። ለንቃት ትምህርት ተብሎ ጥቂት ጊዜ ተወሰደና ከዚያ አንበሳሜ በምትባል የገጠር ከተማ ተመደበ፤ የእህል መጋዘንና የመንገድ ቦይ እንዲቆጣጠር። ሊሰናበተኝ ሲመጣ «ማን ይሆን የተናገረው?» አለኝ። ዓይኑን እያየሁ «እንጃ፤ ኮሚቴው ውስጥ የእናንተን ደብር የሚያውቅ ሰው ሳይኖር አይቀርም» አልሁት። ራሱን ነቀነቀ። «በረንዳውንስ አጠበቡት?» ብሎ ጠየቀ። ስለ ራሱ ከጠየቀው በላይ ስለ በረንዳው መጠየቁ ያን ዕለትም አስደነቀኝ።

አላጠበቡትም ነበር። ፕላኑን «አጽዳው» ብለው ለእኔ ሰጡኝ። ላጸዳው ተቀመጥሁ። በረንዳውን ሳጠበው ደረጃው ታነቀ። ዙሪያውን በአንድ ወገን ስቆርጠው ሰው ሁሉ አንድ ማዕዘን ላይ ተከማቸ። አንዱን ክር በመዘዝሁ ቁጥር ሌላው ይተረተራል። ያን ጊዜ ነው የዳኛቸውን ሥራ በእጄ የተማርሁት፤ ላበላሸው ስሞክር። እያንዳንዷ መስመር ሰው አስባ የተሰመረች ነበረች። በመጨረሻ ከፕላኑ ላይ የፋቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስሙን። በስሙ ቦታ የእኔን ጻፍሁ፣ ሰፊው በረንዳ ላይም «የውይይት ቦታ» ብዬ ጨመርሁ።

እንደገና ኮሚቴው ፊት ቀረብሁ። «ወጣት አልጋው ቤቱ አይደለም፤ ቤቱ ከጓዶቹ ጋር የሚቆምበት ቦታ ነው» አልሁ። ዳኛቸው «ጓደኛው» ያለውን «ጓዶቹ» አልሁት፤ ከእኔ የመጣችው ይህች ብቻ ናት። ተጨበጨበልኝ። ካድሬውም አጨበጨበ።

ቤቱ ተሠራ። አሁን ስለ ቤቱ ልንገራችሁ፤ ስለ እሱ ስናገር እስካሁን ደስ ይለኛል፣ የሚያሳፍረኝም ይኸው ደስታ ነው። ባሕር ዳር የብስክሌት አገር ነች። ልጆቹ ብስክሌታቸውን እስከ ፎቅ ተሸክመው ከበረንዳው መከታ ላይ ያስደግፉታል፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አሁንም ያልፋል። ክረምት ሲገባና የጣና ዝናብ በአግድም ሲመታ ልብሳቸውን ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርገው ያሰጣሉ። የመሠረተ ትምህርት ጥቁር ሰሌዳ አንድ ማዕዘን ላይ ቆመ፤ ከወሎ የመጣች ፈታይ ከወላይታ ለመጣ ሸማኔ ፊደል ስታስቆጥር አይቻለሁ። ሌላው ማዕዘን የክራር ነበር። አንዲት ልጅ ታማ በሌሊት ልብሷ እንደተኛች በቃሬዛ ሲያወጧት ቃሬዛው ግድግዳ ሳይነካ ዞረ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ማንም ያላዘዛቸው ሥርዓት ነው። የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩት ቀን ይተኛሉ። የእነሱ ክፍሎች በአንድ ወገን ስለነበሩ ሌሎቹ ቀን ቀን በዚያ ማለፍን ተዉ። መንገዱ ዙሪያ ነዋ፤ በሌላው ወገን ይዞራሉ። አዲስ የመጣ ልጅ ተሳስቶ በዚያ በኩል ጫማውን እያንኳኳ ሲሄድ አንዷ ከማዶ ሆና በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ ጫማውን አውልቆ በእጁ ያዘ። በእኔ ኮሪደር የነበሩትም ልጆች እንደነዚሁ ያሉ ነበሩ፤ ከዚያ ተዛውረው የመጡም ነበሩባቸው። እዚህ አልተጣሉም አልላችሁም፤ ወጣት ናቸው። ሲጣሉ ግን መለያያ ቦታ ነበራቸው።

ከቤቱ ልጆች ሁለቱ ተጋቡ። አዳራሽ የለም፤ ሚዜዎቹ እየዘፈኑ ሙሽሮቹን በበረንዳው ዙሪያ አዞሯቸው፤ ከየበሩ ሰው እየወጣ ተከተለ። እኔም ተጠርቼ ነበር። «የኢንጂነሩ በረንዳ» ይሉታል። ሙሽራው አቅፎ ሳመኝና «ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልን፤ ሰው አድርገውናል» አለኝ። ምረቃውን ተቀበልሁ። ጠላም ተቀበልሁ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ዳኛቸው ከአንበሳሜ መጣ። መሪጌታ አርፈው ኖሯል። ፊቱ በፀሐይ ጠቁሯል፤ በእጁ የአባቱን መቋሚያ ይዟል። «እስቲ አሳየኝ» አለኝ። ይዤው ሄድሁ። ላይኛው በረንዳ ላይ ስንደርስ መቋሚያውን በወርዱ አጋደመው። ባልዲ የያዘች ልጅ መጣች። «ይቅርታ ጋሼ» ብላ በጎኑ አለፈች፤ መቋሚያውን አልነካችውም። ዳኛቸው መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ፊቱን ወደ ግቢው መለሰ።

«አንተ ባትኖር ይህ አይኖርም ነበር» አለኝ። «እኔ ስወድቅ አንተ ያዝህልኝ። አደራዬን ጠበቅህ።»

«እኔ ምንም አላደረግሁ» አልሁት። ትሕትና መሰለው። አቀፈኝና «ይህን አንተ ያዘው፤ አባቴም ደስ ይላቸዋል» ብሎ መቋሚያውን በእጄ አስጨበጠኝ። ያን ጊዜ ልናገር እችል ነበር። ማንም አልነበረም፤ እኔና እሱ፣ ከታች ደግሞ የልጆቹ ድምፅ። መቋሚያውን ይዤ ደረጃውን ወረድሁ። ቤት ወስጄ ከበር ኋላ አቆምሁት። አንድም ቀን ተደግፌው አላውቅም።

ዳኛቸው ከዚያ ወዲያ ቤት አልነደፈም። ዘመኑ ካለፈ በኋላም እጁ ከእርሳስ ርቆ ነበር፤ ጡረታም የወጣው ከመጋዘን ቁጥጥር ነው። አሁን ባሕር ዳር ነው ያለው። የልጅነት ዜማው ተመልሶለት በበዓል ከካህናቱ ጋር ይቆማል። ባለፈው ክብረ በዓል ከሩቅ አየሁት። ሁሉም መቋሚያውን ተደግፎ ሲያሸበሽብ እሱ የያዘው ከገበያ የገዛው የባሕር ዛፍ ዱላ ነበር፤ ለቁመቱ አጥሮት ጎንበስ ይላል። የእሱ መቋሚያ ከእኔ በር ኋላ ቆሟል።

በማግሥቱ መቋሚያውን ይዤለት ሄድሁ። በመንገድ ላይ የምለውን ሁሉ አጠናሁ። ደጁ ላይ ከነመቋሚያው ሲያየኝ ፊቱ በራ። «ይህን ለእኔ ብለህ ጠብቀህ አቆየኸው? አንተስ ድሮም ሰው ነህ» አለኝ። ወንበር አቀረበልኝ። የጉልበቴን ሕመም ጠየቀኝ። ባጠናሁት ፈንታ ስለ ጉልበቴ አወራሁለት፤ ሻዬን ጠጥቼ ተመለስሁ። ገበያ የሚያስቆመው አፍ እንዲህ ነው።

ስለዚህ ጻፍሁት። ዳኛቸው ዓይኑ ገና ያነባል፤ ከማንም በፊት ለእሱ ነው የምሰጠው። በረንዳውን ማን እንደነደፈው የዚያ ቤት ልጆችም ይወቁ፤ ዛሬ እነሱም ሽማግሌዎች ናቸው። ቤቱ ለነዚያ ሁሉ ልጆች በጎ ስለሆነ ኃጢአቴ ይቀልልኛል አልልም፤ በጎነቱ የእሱ ነው፣ እኔ ያደረግሁት ከዚያ ቤት በኋላ ሊነድፋቸው ይችል የነበሩትን ቤቶች ማስቀረት ነው። ምን ያህል በረንዳ፣ ምን ያህል ደረጃ ከእሱ ጋር አንበሳሜ መጋዘን ውስጥ እንደተቀመጠ ማን ያውቃል?

ዳኛቸው፣ ይቅር በለኝ አልልህም። ሁለት ጊዜ አመስግነኸኛል፣ ሁለቱንም ጊዜ ተቀብያለሁ። ምስጋናህን መልሰህ እንድትወስድልኝ ብቻ ነው የምለምንህ።